የሐሞት መታገድና የጉበት ደም ሥሮች ሕዋሳት፦ የአንድ ጥናት ታሪክ

ጉበት ውስጥ ሁለት ፈሳሾች ጎን ለጎን፣ ግን በተቃራኒ አቅጣጫ ይጓዛሉ። ከአንጀትና ከጣፊያ የሚመጣው ደም በፖርታል ደም መልስ ይገባና ጉበትን ከሚሠሩት ጥቃቅን ክፍልፋዮች ዳር ተነሥቶ ወደ መሐል ይፈስሳል። ሐሞት ደግሞ ከመሐል ወደ ዳር ተጉዞ በቱቦ ወደ አንጀት ይወርዳል። ሁለቱን የሚለያያቸው አንድ ረድፍ የጉበት ሕዋስ ነው። የሐሞት መንገድ ሲዘጋ፣ ወይም ቱቦዎቹ ሲታመሙ፣ ወይም ሕዋሳቱ ሐሞትን መግፋት ሲሳናቸው ሐኪሞች ኮሌስታሲስ የሚሉት የሐሞት መታገድ ይደርሳል። ዓይን ቢጫ ይሆናል፣ ቆዳ ያሳክካል፣ ሽንት ይጠቁራል፤ ጉበቱ ይቆጣና ዓመታት ሲያልፉ በጠባሳ ይሞላል። የዚህ ብግነት መነሻ ለረጅም ጊዜ የተፈለገው በሐሞቱ በኩል ነበር። በደሙ በኩል ያለው ግድግዳ፣ ማለትም የጉበትን ጥቃቅን ደም ሥሮች ከውስጥ የሚያለብሱት ስስ ሕዋሳት፣ ብግነቱን በመግታትም በማባባስም ትልቅ ድርሻ እንዳላቸው የታወቀው ግን በቅርብ ዐሥርት ዓመታት ነው። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሕዋሳቱ ኢንዶቴሊያል ይባላሉ፤ የሚያለብሷቸው ደም ሥሮች ሳይኑሶይድ። የአዋቂ ሰው ጉበት በየደቂቃው አንድ ሊትር ተኩል ያህል ደም ይቀበላል። ከዚህ ሦስት አራተኛው የሚመጣው በፖርታል ደም መልስ ነው፤ ከአንጀት የተቀዳ፣ በምግብ ንጥረ ነገር የበለጸገ፣ የባክቴሪያ ስብርባሪም የማይለየው ደም። ይህን ሁሉ መጀመሪያ የሚነኩት ኢንዶቴሊያል ሕዋሳት ናቸው። በቁጥር ሲታዩ ከጉበት ሕዋሳት ከ15 እስከ 20 በመቶ ይሆናሉ፤ እጅግ ስስ በመሆናቸው ግን ከጉበቱ ይዘት የሚይዙት 3 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። በተራ ማይክሮስኮፕ ሲታዩ ከቀጭን መስመርና ከአንዲት ጠፍጣፋ ኒውክለስ በቀር ምንም የላቸውም። ለሁለት መቶ ዓመታት ተመልካች ሲያልፋቸው የኖረው በዚህ ምክንያት ነው።

በጥንቱ ሕክምና ጉበት የደም ምንጭ ነበር። በሁለተኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው ጋሌን ምግብ በጉበት ውስጥ ወደ ደም ይለወጣል ብሎ አስተማረ፤ ትምህርቱም ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ ሳይናወጥ ቆየ። ይህን ግንብ በመጀመሪያ የነቀነቀው ዊሊያም ሃርቪ ነው፤ በ1628 ባሳተመው መጽሐፍ ደም በልብ እየተገፋ እንደሚዘዋወር አስረዳ። እንግሊዛዊው ፍራንሲስ ግሊሰን ነገሩን ወደ ጉበት አመጣው። በ1654 ለንደን ላይ በታተመው «አናቶሚያ ሄፓቲስ» በተሰኘ መጽሐፉ የጉበትን ደም ሥሮች አንድ በአንድ ገለጸ። ሞቅ ያለ ውሃ በፖርታል ደም መልስ ሲያስገባ ፈሳሹ በጉበቱ ሥጋ ውስጥ አልፎ ወደ ልብ በሚወስደው ትልቅ ደም መልስ እንደሚወጣ አየ። ከመግቢያው እስከ መውጫው ድረስ ያለው መንገድ ምን እንደሚመስል ለማየት ግን የሚያስችል መሣሪያ አልነበረውም።

መሣሪያው የነበረው ለቦሎኛው ማርቼሎ ማልፒጊ ነው። በ1661 በእንቁራሪት ሳንባ ውስጥ ጥቃቅኖቹን ደም ሥሮች አይቶ የሃርቪን ዑደት የጎደለ ክፍል ሞላ። በ1666 ባወጣው ሥራ ደግሞ ጉበት በጥቃቅን ክፍልፋዮች የተሠራ መሆኑን ገለጸ፤ የሐሞት ከረጢት ተዘግቶ ሳለ እንኳ ሐሞት መፍሰሱን እንደማያቋርጥ አሳይቶም ሐሞትን የሚሠራው ጉበት ራሱ እንጂ ከረጢቱ እንዳልሆነ አረጋገጠ። ከዚያ ወዲህ ነገሩ ለረጅም ጊዜ ብዙም አልተራመደም። በ1833 ለንደን ላይ ይሠራ የነበረው ፍራንሲስ ኪርናን ቀለም በደም ሥሮች ውስጥ እያስገባ የክፍልፋዩን ሥርዓት አጥርቶ አወጣ፤ ፖርታል ደም መልስ፣ ደም ቅዳና የሐሞት ቱቦ በዳር፣ ደም የሚወጣበት ሥር በመሐል። ለዚህ ሥራው በ1836 የእንግሊዝ ሮያል ሶሳይቲ የኮፕሊ ሜዳልያ ሸለመው። የሐሞት ቱቦና ደም ሥር በአንድ ስፍራ ተጎዳኝተው እንደሚሄዱ ከኪርናን ወዲህ ማንም የጉበት ተማሪ ያውቀዋል። የአንዱ ሕመም ለሌላው እንዴት እንደሚተርፍ መጠየቅ ግን ገና አልተጀመረም ነበር።

ለዚህ ታሪክ 1876 ልዩ ዓመት ነው። በዚያ ዓመት ሦስት ሥራዎች ታተሙ፤ ሦስቱም ዛሬ የአንድ ጥያቄ ሦስት ፊት ተደርገው ሊነበቡ ይችላሉ፣ በጊዜያቸው ግን እርስ በርስ አልተያዩም።

የመጀመሪያው የፓሪሱ ሐኪም የቪክቶር ሃኖ ሥራ ነው። ሃኖ ለዓመታት ቢጫነት የማይለቃቸውን፣ ጉበታቸው ያደገና የጠነከረ፣ ትልልቁ የሐሞት ቱቦ ግን ያልተዘጋባቸውን ሕሙማን ገለጸ። ከእርሱ በፊት በ1851 እንግሊዛውያኑ ቶማስ አዲሰንና ዊሊያም ጋል በቢጫ ሕሙማን ቆዳ ላይ የሚወጡ የስብ እብጠቶችን ጽፈው ነበር፤ የሃኖ ጽሑፍ ግን ችግሩ ጉበት ውስጥ ባሉት ደቃቅ የሐሞት ቱቦዎች ላይ ሊሆን እንደሚችል በግልጽ ያመለከተ ነው። ሁለተኛው እዚያው ፓሪስ የተሠራ ሙከራ ነው። በነርቭ ሕክምና ስሙ የገነነው ዣን ማርታን ሻርኮ ከአልቤር ጎምቦ ጋር ሆኖ የጊኒ አሳማዎችን የሐሞት ቱቦ አሰረና ጉበታቸው እንዴት እንደሚለወጥ ተከታተለ። በቱቦዎቹ ዙሪያ ሕዋሳት ሲፈሉና ጠባሳ ሲዘረጋ ተመለከተ። ይህ ቱቦን የማሰር ዘዴ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በኋላም በአይጥ ላይ ይሠራበታል፤ ስለ ሐሞት መታገድ ከታወቀው ነገር ብዙው ከዚሁ የመጣ ነው።

ሦስተኛው የካርል ቪልሄልም ፎን ኩፕፈር ደብዳቤ ነው። ኩፕፈር በባልቲክ ምድር የተወለደ፣ በዶርፓት የተማረ ጀርመናዊ አናቶሚስት ነበር። ሲፈልግ የነበረው የጉበትን ነርቮች ነው። ጉበትን በወርቅ ክሎራይድ ሲያቀልም በደም ሥሮቹ ጥግ ክንዶቻቸውን ዘርግተው የተቀመጡ ጥቁር ሕዋሳት ወጡለት፤ «የኮከብ ሕዋሳት» ብሎ ሰየማቸውና ለሥራ ባልደረባው ለቫልዳየር በደብዳቤ ገለጸለት። ከደም ሥሩ ግድግዳ ውጭ የሚገኙ፣ ደጋፊ ሥጋ ከሚሠሩት ሕዋሳት ወገን የሆኑ አድርጎ ነበር ያያቸው። ትክክል ነበር፤ ትክክለኛነቱ የሚረጋገጠው ግን እርሱ ከሞተ ከብዙ ዐሥርት ዓመታት በኋላ ነው።

ኩፕፈር ራሱ ሐሳቡን ቀየረ። በእነዚያ ዓመታት የሩሲያው ተወላጅ ኢሊያ ሜችኒኮፍ በ1882 በመሲና ባሕር ዳር የኮከብ ዓሣ እጭ ላይ ሕዋሳት ባዕድ ነገርን ሲውጡ ካየ በኋላ፣ ጠላትን ውጠው ሰውነትን የሚጠብቁ ሕዋሳት ፍለጋ ተስፋፍቶ ነበር። በ1898 ኩፕፈር ወደ ደም ውስጥ ባዕድ ቅንጣቶችን ሲያስገባ በጉበት ደም ሥሮች ውስጥ ቅንጣቱን የሚውጡ ሕዋሳት አገኘ። እነዚህ የዛሬ ሃያ ሁለት ዓመት ያየኋቸው የኮከብ ሕዋሳት ናቸው፣ ደግሞም የደም ሥሩ የውስጥ ሽፋን ክፍል ናቸው ብሎ ደመደመ። በተመሳሳይ ጊዜ የክራካው ሊቅ ታዴዎሽ ብሮቪች እነዚያኑ ዋጮች ለብቻው ገልጿቸዋል፤ በፖላንድ የሁለቱም ስም ይጠራል። የኩፕፈር ድምዳሜ ሦስት የተለያዩ ሕዋሳትን አንድ አደረገ፤ ከግድግዳው ውጭ የሚቀመጠውን ኮከብ ሕዋስ፣ ግድግዳው ላይ ተጣብቆ ባዕድ የሚውጠውን፣ ራሱንም ግድግዳውን። የወርቅ ክሎራይዱ ቀለም አንድ ጊዜ ተሳክቶ ሌላ ጊዜ የማይሳካ ነበርና ስሕተቱን ደግሞ የሚፈትሽ እምብዛም አልተገኘም። በኩፕፈር ላይ መፍረድ ተገቢ አይሆንም፤ የነበረው መሣሪያ ከዚያ በላይ አያሳይም።

የሃርቫርዱ ቻርልስ ሰጅዊክ ማይኖት በ1900 እነዚህ የጉበት ደም ሥሮች ከሌላው የሰውነት ክፍል ጥቃቅን ደም ሥሮች የተለዩ መሆናቸውን አስተውሎ ሳይኑሶይድ የሚል ስም ሰጣቸው። ስሙ ጸና፤ ስለ ግድግዳው ያለው ግርታ ግን እየባሰ ሄደ። ጀርመናዊው ሉድቪግ አሾፍ ቀለም ወደ ራሳቸው የሚስቡትን ሕዋሳት ሁሉ፣ ኢንዶቴሊያሎቹንም ጨምሮ፣ በአንድ የ«ሬቲኩሎ ኢንዶቴሊያል ሥርዓት» ስም ጠቀለላቸው። አሾፍ ከሚገባው በላይ ቢጠቀልልም ያስተዋለው ነገር እውነት ነበረው፤ የጉበት ደም ሥር ግድግዳ ከደም ውስጥ ቆሻሻን ይለቅማል። ውሎ አድሮ በ1972 የሆላንዱ ራልፍ ፋን ፉርት ከባልደረቦቹ ጋር ዋጮቹን ሕዋሳት ለይቶ አዲስ ሥርዓት ሲያቆም ኢንዶቴሊያል ሕዋሳትን ከዝርዝሩ አወጣ። ምደባው ጠራ፤ ኢንዶቴሊያሎቹ ግን ለጊዜው ሥራ የሌላቸው መሰሉ።

የኮከብ ሕዋሳት ጉዳይ የተፈታው በጃፓን ነው። ኢቶ ቶሺዮ በ1951 በሰው ጉበት ውስጥ ከሳይኑሶይድ ውጭ የተቀመጡ፣ የስብ ጠብታ የያዙ ሕዋሳትን ገለጸ። በ1971 ዋኬ ኬንጂሮ የኩፕፈርን የወርቅ ክሎራይድ ዘዴ ደግሞ ሠርቶ ሲፈትሽ፣ ወርቁ የሚያጠቁራቸው ዋጮቹን ሳይሆን የኢቶን ሕዋሳት መሆናቸውን አሳየ። በሕዋሳቱ ውስጥ ያለው ስብ ቫይታሚን ኤ የያዘ ነው። ጉበት ሲታመም ቫይታሚናቸውን ጥለው ጠባሳ የሚፈትሉትም እነርሱ ናቸው። እንግዲህ የ1876ቱ ኩፕፈር ትክክል፣ የ1898ቱ ኩፕፈር ደግሞ የተሳሳተ ሆኖ ተገኘ። ስሙ ግን ዛሬም በሁለተኛዎቹ፣ በዋጮቹ ላይ ተለጥፎ ቀርቷል።

የኢንዶቴሊያል ሕዋሳት እውነተኛ ታሪክ የሚጀምረው በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ነው። የመጀመሪያዎቹ ተመልካቾች የጉበት ቁራጭ ወደ ማድረቂያ ፈሳሽ እየነከሩ ስለሚሠሩ ግድግዳው እየተጨማደደና እየተቀደደ ያስቸግር ነበር፤ ቀዳዳዎች ቢያዩም ተፈጥሮ ይሁን የዝግጅት ጉዳት መለየት አይችሉም። ሆላንዳዊው ኤዲ ቪሰ ፈሳሹን በደም ሥሮቹ በኩል አስገባ፤ ጉበቱ እንደተወጠረ፣ ሥሮቹም ክፍት እንደሆኑ ደረቁ። በ1970 ባወጣው ጽሑፍ የአይጥ ጉበት ኢንዶቴሊያል ሕዋሳት እጅግ ጥቃቅን በሆኑ ቀዳዳዎች የተሞሉ መሆናቸውን አሳየ፤ ስፋታቸው ከአንድ ሚሊ ሜትር አንድ ዐሥር ሺህኛ ገደማ ነው። ቀዳዳዎቹ ክዳን የላቸውም። ከሥራቸውም በሌሎች ደም ሥሮች ሥር የሚገኘው ጥብቅ ምንጣፍ የለም። ክምችት ክምችት ሆነው ስለሚታዩ ቪሰ በወንፊት መሰላቸው። የደሙ ፈሳሽ ክፍል በዚያ ወንፊት አልፎ ዮሴፍ ዲሰ በ1890 ወደ ገለጸው ጠባብ ክፍተት ይገባና የጉበትን ሕዋስ በቀጥታ ያጥባል፤ ቀይና ነጭ የደም ሕዋሳት ግን ውጭ ይቀራሉ።

ይህ ግኝት ለሐሞት ጥናት ትርጉሙ ትልቅ ነበር፤ ያኔ እንደዚያ ያነበበው ግን ጥቂት ነው። ወደ አንጀት ከሚወርደው የሐሞት አሲድ 95 በመቶ ያህሉ ተመልሶ ወደ ደም ይገባና በፖርታል ደም መልስ ወደ ጉበት ይመጣል። በቀን ውስጥ ደጋግሞ የሚሽከረከረው ይህ አሲድ ወደ ጉበት ሕዋስ የሚደርሰው በዚያው በኢንዶቴሊያል ቀዳዳ በኩል ነው። ስለዚህ የደም ሥሩ ግድግዳ ሐሞትን በየቀኑ ያውቀዋል፤ ሐሞት ሲታገድ ደግሞ አሲዱ በደም ውስጥ ይበዛና ግድግዳውን ያለማቋረጥ ያጥበዋል።

ግድግዳው ሊታመም እንደሚችልም ከሁለት ወገን ፍንጭ ወጥቶ ነበር። ብራስ፣ ጀሊፍና ስቱዋርት በ1954 ከጃማይካ የጻፉት ሕጻናት ከጫካ ዕፅዋት የተፈላ ሻይ ጠጥተው የጉበታቸው ደቃቅ ደም መልሶች ስለሚደፈኑበት ሕመም ነው። ሁለተኛው ወገን ሃንስ ፖፐር ነው። ቪየና ተወልዶ በ1938 ከናዚዎች ሸሽቶ አሜሪካ የገባው ፖፐር የዘመናዊው የጉበት በሽታ ጥናት መሥራቾች ከሚባሉት አንዱ ነው፤ በ1956 ከሳንቶ ጋር ስለ ጉበት ውስጥ የሐሞት መታገድ ጽፏል። በ1963 ደግሞ ከፌንተን ሻፍነር ጋር ሆኖ በታመመ የሰው ጉበት ውስጥ ሳይኑሶይዶች ከሥራቸው ምንጣፍ እያበጁ እንደ ተራ ደም ሥር እንደሚሆኑ አሳየ። የግድግዳው ቀዳዳ ሲደፈን ጉበቱ ከደሙ ይነጠላል። አንድ ሰው የሐሞትንም የደም ሥርንም ሕመም በእጁ ይዞ ነበር ማለት ነው፤ በመካከላቸው ያለውን የብግነት ድልድይ የሚያይበት ዘዴ ብቻ ጎደለው።

የጃማይካው ታሪክ ለኢትዮጵያም ቅርብ ነው። በ2001 በሰሜን ምዕራብ ትግራይ፣ በታሕታይ ቆራሮ ወረዳ፣ ሆድ የሚያሳብጥና ጉበትን የሚጎዳ፣ ብዙዎችንም የገደለ ያልታወቀ በሽታ ታየ። ምርመራው ያመለከተው ፓይሮሊዚዲን አልካሎይድ ወደሚባለው የዕፅዋት መርዝ ነው፤ ከእህል ጋር የሚቀላቀል ኤጀራተም የተባለ አረም ይህን መርዝ ይይዛል። በጃማይካው ሻይም የነበረው መርዝ ከዚሁ ወገን ነው። በአሜሪካ የሠራችው ሎሪ ደሊቭ በሙከራ እንዳሳየችው ይህ መርዝ በመጀመሪያ የሚመታው ኢንዶቴሊያሉን ነው፤ ሕዋሳቱ ከግድግዳው ይላቀቁና መንገዱን ይደፍናሉ። ከዚህ የተነሣ በ2002 የበሽታው ስም ከደም መልስ መደፈን ወደ ሳይኑሶይድ መደፈን እንዲለወጥ ሐሳብ ቀረበ። ይህ የሐሞት በሽታ አይደለም፤ የጉበት ጥፋት ከደም ሥር ግድግዳ ሊጀምር እንደሚችል ግን ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አይገኝም።

የሐሞት በሽታዎች ሕክምና በፖፐር ዘመን የሄደው በራሱ መንገድ ነበር። የሃኖ ሕሙማን ከነበሩባቸው በሽታዎች አንዱ በ1950 በአሜሪካዊው ኤድዋርድ አሬንስና በባልደረቦቹ ቀዳማዊ የሐሞት ሲሮሲስ ተባለ፤ ሲሮሲስ ጉበት በጠባሳ መሞላቱ ነው። በ1965 ለንደን ላይ ዴቦራ ዶኒያክ፣ ሺላ ሸርሎክና ባልደረቦቻቸው በእነዚህ ሕሙማን ደም ውስጥ ሚቶኮንድሪያን የሚያጠቃ አንቲቦዲ አገኙ። በሽታው ሰውነት ራሱን የሚወጋበት እንደሆነ ታመነ። ግኝቱ ምርመራውን ቀላል አደረገው፣ ብዙ ሕሙማንም ሳይዘገይ እንዲታወቁ ረዳ፤ ዐይን ሁሉ ግን ወደ ቱቦው ሕዋስና ወደ አንቲቦዲው ዞረ። ቱቦውን ለማጥቃት ከደም የሚወጡት ነጭ ሕዋሳት በየትኛው በር እንደሚገቡ የጠየቀ አልነበረም ማለት ይቻላል።

ስለ ጉዳቱ መነሻ የነበረው እምነትም ለጥያቄው ቦታ አይሰጥም ነበር። የሐሞት አሲድ ስብን እንደሚያሟሟ ሁሉ የሕዋስ ሽፋንንም አሟሙቶ ይገድላል፣ ብግነቱም የሚመጣው የሞቱትን ለማንሣት ነው ተብሎ ይታመን ነበር። የዬል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2017 ያወጡት ሥራ ቅደም ተከተሉን ገለበጠው። በታመመ ጉበት ውስጥ በሚገኘው መጠን የሐሞት አሲድ ሕዋሱን ወዲያው አይገድለውም፤ ይልቁንም ሕዋሱ ኒውትሮፊል የተባሉትን ነጭ የደም ሕዋሳት የሚጠሩ ኬሚካሎችን እንዲለቅቅ ያደርገዋል። ጥሪ ካለ ደግሞ ተጠሪው የሚያልፈው በደም ሥሩ ግድግዳ ነው።

በሩ እንዴት እንደሚሠራ ከዚያ በፊት በሌሎች ስፍራዎች ሲጠና ነበር። በሌላው የሰውነት ክፍል ነጭ ሕዋስ ሴሌክቲን በሚባሉ ሞለኪውሎች እየተያዘ ተንከባልሎ ይቆማል። የካልጋሪው ፖል ኩቢስ ቡድን በ1997 ጉበት ይህን ሕግ እንደማይከተል አሳየ፤ በጠባቡና ደሙ በዝግታ በሚሄድበት ሳይኑሶይድ ሴሌክቲን ሳያስፈልግ ሕዋሱ ይጣበቃል። ከዚያ የኢንዶቴሊያሉ ሌላ ሞለኪውል፣ አይካም 1፣ ይይዘዋል። በ2000ዎቹ መጀመሪያ የሻርኮና የጎምቦ ማሰሪያ ይህ ሞለኪውል በሌላቸው አይጦች ላይ ተሞከረ፤ ወደ ጉበቱ ሥጋ የገባው ኒውትሮፊል አነሰ፣ ጉዳቱም ቀለለ። ከ1876ቱ ሥራዎች አንዱ፣ የታሰረው ቱቦ፣ ከደም ሥሩ ግድግዳ ጋር የተገናኘው እዚህ ነው።

በእንግሊዝ በርሚንግሃም ዴቪድ አዳምስና ባልደረቦቹ ጥያቄውን ከሕሙማን በኩል ያዙት። ቀዳማዊ ስክለሮዚንግ ኮላንጃይቲስ የሚባለው፣ ትልልቅ የሐሞት ቱቦዎችን የሚያጠብበው በሽታ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከአንጀት ቁስል ጋር አብሮ ይገኛል፤ አንዳንድ ጊዜ እንዲያውም አንጀቱ ተቆርጦ ከወጣ ከዓመታት በኋላ ይጀምራል። ይህ እንቆቅልሽ ነበር። ቡድኑ በእነዚህ ሕሙማን የጉበት ደም ሥር ግድግዳ ላይ በተለምዶ አንጀት ላይ ብቻ የሚገኝ፣ ነጭ ሕዋሳትን ወደ አንጀት የሚጠራ ሞለኪውል አገኘ። በ2002 በአንጀት የሠለጠኑና ዕድሜያቸው የረዘመ ሕዋሳት በተሳሳተ ጥሪ ወደ ጉበት ይገባሉ የሚል ሐሳብ አቀረቡ። በፊንላንድ ቱርኩ በማርኮ ሳልሚና በሲርፓ ያልካነን የተገኘው ቫፕ 1 የተባለ የግድግዳ ሞለኪውልም በዚህ ውስጥ ትልቅ ስፍራ ይዟል። ለሐሞት በሽታ ብግነት የደም ሥርን ግድግዳ ዋና ተጠያቂ ያደረገ የመጀመሪያው ሙሉ ሐሳብ ይህ ነው ማለት ይቻላል፤ በድፍረቱም በግልጽነቱም ሊመሰገን ይገባዋል።

ግድግዳው ግን በር ከፋች ብቻ አይደለም። የጀርመኑ ፐርሲ ክኖለ ቡድን በ2000 እንዳሳየው ጤነኛ ኢንዶቴሊያል ሕዋስ ባዕድ ነገርን ውጦ ቲ ለሚባሉት ነጭ የደም ሕዋሳት ሲያቀርብ ቲ ሕዋሱ ከመቆጣት ይልቅ መታገሥን ይማራል። ከአንጀት የሚመጣውን ሁሉ ጉበት እንደ ጠላት ቢያይ ከመቆጣት ባላረፈ ነበር። በ2007 የዱስልዶርፍ ተመራማሪዎች ቲጂአር 5 የተባለው የሐሞት አሲድ ተቀባይ በእነዚሁ ሕዋሳት ላይ መኖሩን አሳዩ። ሐሞት ሲነካው ሕዋሱ ደም ሥርን የሚያላላና ብግነትን የሚያበርድ ናይትሪክ ኦክሳይድ ያመነጫል። በ2021 ደግሞ ከአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት የወጣ ሥራ ኢንዶቴሊያሎቹ ከአንጀት የሚመጣ የባክቴሪያ ምልክት ቀምሰው የኩፕፈር ሕዋሳት በፖርታል ደም መልስ መግቢያ አካባቢ እንዲሰፍሩ እንደሚያደርጉ አሳየ። መግቢያው የሐሞት ቱቦዎች የሚገኙበትም ስፍራ ነው፤ ኪርናን በ1833 ያስተዋለው ጉርብትና ይኸው ነበር።

ስለዚህ ብግነቱ የሚጸናው ግድግዳው ጠባዩን ሲለውጥ ነው። በ2014 በኒውዮርክ የሻሂን ራፊ ቡድን የታሰረ የሐሞት ቱቦን ጨምሮ በተለያየ መንገድ የአይጥ ጉበትን ጎድቶ ተከታተለ። አንድ ጊዜ ብቻ የተጎዳ ጉበት ኢንዶቴሊያል ሕዋስ ጉበቱ እንዲያገግም የሚያዝዝ መልእክት ይልካል። ጉዳቱ ሲረዝምና ሲደጋገም መልእክቱ ይገለበጣል፤ ኩፕፈር በ1876 ያያቸው የኮከብ ሕዋሳት ተቀስቅሰው ጠባሳ ይፈትላሉ። ቀዳዳዎቹ ይዘጋሉ፣ ናይትሪክ ኦክሳይዱ ይቀንሳል፣ ነጭ ሕዋሳትን የሚይዙት ሞለኪውሎች ይበዛሉ። በ2019 የኤደንብራ ተመራማሪዎች በሰው ሲሮሲስ ጉበት ውስጥ ሕዋስ በሕዋስ ሲቆጥሩ በጠባሳው አካባቢ ብቻ የሚገኙ፣ ነጭ ሕዋሳትን በቀላሉ የሚያሳልፉ ልዩ ኢንዶቴሊያሎች አገኙ።

ሐኪም ቤት የደረሰው ሕክምና እስካሁን በአብዛኛው ከሐሞቱ በኩል ነው። በ1987 ከፓሪስ የራውል ፑፖን ቡድን ኧርሶዲዮክሲኮሊክ አሲድን ለቀዳማዊ የሐሞት ሲሮሲስ ሰጥቶ የጉበት ምርመራ ውጤት እንደሚሻሻል ገለጸ፤ መድኃኒቱ ዛሬም መነሻ ነው። ብዙ ሕሙማን ወደ ሲሮሲስ ሳይደርሱ ስለሚኖሩ በ2015 የበሽታው ስም ከሲሮሲስ ወደ ኮላንጃይቲስ፣ ማለትም ወደ ሐሞት ቱቦ ብግነት፣ ተለወጠ። በ2024 አሜሪካ ውስጥ ኤላፊብራኖርና ሴላደልፓር ለዚሁ በሽታ ተፈቀዱ። ቫፕ 1ን የሚይዝ ቲሞሉማብ የተባለ አንቲቦዲ በስክለሮዚንግ ኮላንጃይቲስ ሕሙማን ላይ ተሞክሮ የተጠበቀውን ውጤት አላሳየም። ከግድግዳው ጥናት ወደ ታካሚው የደረሰው በሌላ በኩል ነው። በስዊድን ኡፕሳላና በኖርዌይ ትሮምሶ የሠሩ ተመራማሪዎች በ1980ዎቹ ሃያሉሮናን የተባለውን ንጥረ ነገር ከደም ውስጥ የሚለቅሙት ኢንዶቴሊያል ሕዋሳት መሆናቸውን አሳይተው ነበር፤ ሕዋሳቱ ሲደክሙ ንጥረ ነገሩ በደም ውስጥ ይጠራቀማል። ዛሬ ሃያሉሮናን ከሌሎች ሁለት መለኪያዎች ጋር ተጣምሮ በአንድ የደም ምርመራ ይለካል፤ የሐሞት በሽታ ባለባቸው ሰዎችም ጠባሳው ምን ያህል እንደገፋና ሕመሙ ወዴት እያመራ እንደሆነ ለመገመት ይሠራበታል።